ብሬከሩን ከመለወጣችሁ በፊት የሚያስጥለውን ዕቃ ፈልጉ

ለአዘጋጆቹ፣

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምጠግን ሰው ነኝ። ምጣድ፣ ቦይለር፣ ካውያ፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የመጣውን ሁሉ እሰራለሁ። ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ቆጣሪ ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። መብራቱ ቤት ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ግን እምብዛም አይወራም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፍ አልኩ። ቢረዝምም ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሬከር ደጋግሞ ሲጥል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብሬከሩ ራሱ ነው። "ይሄ ነገር አስቸገረን፣ ተበላሽቷል መሰለኝ" ይባላል። አዲስ ይገዛል። አዲሱም ይጥላል። ሌላ ይገዛል። በመጨረሻ ከሰፈር ሽቦ መቀጠል የሚችል ልጅ ይጠራና "እሱን አውጥቼ ተራውን ላስገባላችሁ፣ ከዚህ በኋላ አይጥልም" ይላል። እውነቱን ነው፣ አይጥልም። ቤተሰቡም ተገላገልን ይላል። የተደረገው ግን ኮረንቲ የያዘውን ሰው ሊያተርፍ የሚችለውን ዕቃ ከቤት ማውጣት ነው። በስራዬ ይሄን ደጋግሜ ስለማይ እየተናደድኩም እየፈራሁም ነው የምጽፈው።

ቦርዳችሁን ከፍታችሁ እዩት። ሁለት ዓይነት ብሬከር አለ። ተራው 10፣ 16፣ 20 ወይም 32 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ነው። እሱ የሚቆርጠው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ሾርት ሲፈጠር ነው። ሁለተኛው ሰፋ ይላል፣ ፊቱ ላይ ቲ የሚል ፊደል ያለበት ትንሽ ቁልፍ አለው። እኛ ባለሙያዎቹ አርሲዲ እንለዋለን። የእሱ ስራ ሌላ ነው። በአንዱ ሽቦ፣ በፌዝ፣ የሄደው ኮረንቲ በሌላው፣ በኒውትራል፣ መመለስ አለበት፤ ይሄ ብሬከር የሄደውንና የተመለሰውን እንደ ሱቅ ሂሳብ ያዥ ያመሳክራል። የጎደለ ካለ ኮረንቲው በሌላ መንገድ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ በዕቃው ቆርቆሮ፣ በረጠበ ግድግዳ ወይም በሰው ሰውነት በኩል። ለቤት የሚሰራው ዓይነት ጉድለቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከአንድ ሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይቆርጣል። ከ15 ሚሊ አምፔር ጀምሮም ሊቆርጥ ይችላል፣ ይሄ ጤነኛ ባህሪው ነው።

30 ሚሊ አምፔር ለምን ተመረጠ? 10 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲያልፍ እጅ የጨበጠውን ነገር መልቀቅ ያቅተዋል። 30 አካባቢ ሲደርስ ትንፋሽ ይይዛል። ከዚያ ከፍ ካለና ከቆየ የልብ ምት ይዛባል፣ ሰው የሚሞተውም በዚህ ነው። እንግዲህ 16 አምፔር ማለት 16,000 ሚሊ አምፔር ነው። ሰው ኮረንቲ ይዞት መሬት ላይ ሲንቀጠቀጥ ተራው ብሬከር ምንም የተፈጠረ ነገር የለም ብሎ ይቀመጣል፤ ለእሱ ያ ሰው ከአንድ አምፖል የሚበልጥ ጭነት አይደለም። አዳማ ደግሞ ሞቃት ናት። ሰው ቤት ውስጥ ባዶ እግሩን ይሄዳል፣ አቧራውና ሙቀቱ እንዲበርድ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ይረጫል። በረጠበ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ቆሞ የሚነዝር ምጣድ መንካት ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፍለጋው ልሂድ፣ ዋናው እሱ ነው። ባለ ቲ ቁልፉ ብሬከር ሲወርድ በዚያ መስመር ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፋት አላልኩም፣ ንቀሉ ነው ያልኩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የዕቃው ማብሪያ ማጥፊያ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። በዕቃው ውስጥ ኒውትራሉ ከቆርቆሮው ጋር ከተነካካ ዕቃው ጠፍቶም ብሬከሩን ያስጥላል። በዚህ ምክንያት ነው "ሁሉንም አጥፍቼ እንኳ ይጥላል፣ ስለዚህ ብሬከሩ ነው" የሚባለው። አይደለም፣ ጥግ ላይ ጠፍቶ የቆመው ልብስ ማጠቢያ ሊሆን ይችላል። ቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ብሬከሮችም አብዛኞቹ ፌዙን ብቻ ስለሚቆርጡ እነሱን ማውረድም አይበቃም።

ሁሉም ተነቅሎ ብሬከሩ ሲነሳ ሳይወርድ ከቆየ ችግሩ ከዕቃዎቹ አንዱ ላይ ነው። አንድ በአንድ ሰኩ፣ እያንዳንዱንም እንዲሰራ ጊዜ ስጡት። ካውያው እስኪግል፣ ምጣዱ እስኪሞቅ፣ ማጠቢያው ዙሩን እስኪጨርስ። ሰክቶ ወዲያው መንቀል ምንም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ግማሹ ጥፋት የሚታየው ዕቃው ሲሞቅ ወይም ሲሽከረከር ነው። ሁሉም ተነቅሎም ብሬከሩ አሁንም የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ብዙ ጊዜ ያለው ሽቦው ላይ ነው፤ ዝናብ የሚያገኘው የበር መብራት፣ ከመታጠቢያ ቤት አጠገብ ያለ ሶኬት፣ ግቢ ውስጥ ቱቦ ሳይለብስ የተቀበረ ሽቦ፣ የውሃ ፓምፕ። ክረምት ላይ ጎርፍ ግቢያቸው በሚገባባቸው ሰፈሮች የተቀበረ ሽቦ ዋና ተጠርጣሪ ነው። ይሄን ራሳችሁ አትነካኩት፣ ሜገር ያለው ባለሙያ ጥሩ። ሜገር የምንለው መለኪያ በ500 ቮልት እየገፋ የሽቦውን ሽፋን ጥንካሬ የሚፈትሽ ነው። ሰፈር ውስጥ የሚዞረው ተራ መለኪያ በትንሽ ባትሪ ስለሚሰራ የረጠበ ሬዚስታንስ (ዕቃው ውስጥ ያለው የሚግለው ሽቦ) ላይ "ደህና ነው" ብሎ ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ዕቃ ሁሉ ለየብቻው ሲሰካ ሰላም፣ አብሮ ሲሰካ ግን የሚጥልበት ቤትም አለ። ቲቪ፣ ኮምፒውተር፣ ማጠቢያ፣ የመሳሰሉት ውስጣቸው ባለ ማጣሪያ በኩል በተፈጥሯቸው ጥቂት ጥቂት ኮረንቲ ወደ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት ወደሚወስደው ሽቦ፣ ያሳልፋሉ። ለየብቻው ችግር የለውም፣ ሲደመር ግን ብሬከሩን ጫፍ ላይ ያደርሰዋል፣ ከዚያ የመጨረሻዋ ካውያ ስትሰካ ይጥላል፤ ጥፋቱም የካውያዋ ይሆናል። የዚህ መፍትሄ መስመሩን ለሁለት ለሦስት አርሲዲ ማከፋፈል ነው።

ስለ ምጣድ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው እሱ ነው። የምጣድ አሰራር ራሱ ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። ሸክላው ከስሩ ዙሪያውን ተቦርቡሮ ሬዚስታንሱ እዚያ ውስጥ ይቀበራል፣ በጀሶ ይደፈናል፣ ከዚያ ላሜራ ይለብሳል። ሬዚስታንሱ ሽፋን የሌለው ባዶ ሽቦ ነው። ከላሜራው የሚለየው ሸክላውና ጀሶው ብቻ ነው። ሸክላ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሊጥ በጠርዙ ይፈሳል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ሳይጋገርበት ከርሞ ማድቤት ጥግ ሲቆም እርጥበት ይስባል። 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ፣ ማለትም በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር የሚወስድ ዕቃ ነው፤ እናቶቻችን ለሰዓታት በእጃቸው እየነኩ የሚሰሩበት ዕቃም ከእሱ ሌላ የለም።

መቼ እንደሚጥል አስተውሉ፣ ግማሹን መልስ ታገኛላችሁ። ልክ እንደተሰካ የሚጥል ከሆነ ወይ ሬዚስታንሱ ላሜራውን ነክቷል፣ ወይ ሽቦው ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ የላሜራው ስለት የሽቦውን ሽፋን በልቶታል። ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው፤ ቀዳዳው ላይ መኖር የነበረበት ጎማ ወይ ወልቋል ወይ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ከሞቀ በኋላ የሚጥል ከሆነ ሸክላው ሲግል ኮረንቲ የመከልከል አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ወይም ሬዚስታንሱ ሲግል ተለጥጦ ከቦታው ስለሚወጣ ነው፤ ሸክላው ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ በስንጥቁ የገባው ሊጥ መንገድ ይሆነዋል። ከርሞ ሲሰካ ብቻ የሚጥል ከሆነ እርጥበት ነው። አዲስ የተገዛ ምጣድም በደንብ ሳይደርቅ ከተሸጠ እንደዚሁ ያደርጋል። ለእርጥበት መድኃኒቱ ፀሐይ ነው፣ አዳማ ላይ ደግሞ ፀሐይ አይቸግርም። ነቅላችሁ፣ ገልብጣችሁ አንድ ሁለት ቀን አስጡት። "በተራ ብሬከር ሰክተን ራሱን በራሱ ያድርቅ" የሚባለውን አትስሙ፤ እስኪደርቅ ድረስ ላሜራው ኮረንቲ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ልጅም ይነካዋል።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። "ትንሽ ይነዝረኛል እንጂ ጥሩ ይጋግራል፣ ነጠላ ጫማ ካደረግኩ ምንም አይለኝም" የሚሉ እናቶች አሉ። እማማ፣ እትዬ፣ እባካችሁ። ነጠላ ጫማው ያው ጫማ ነው፣ እርጥብ ይሆናል፣ ይበሳል፣ አንድ ቀን ደግሞ ይረሳል። ያቺ ትንሽ ንዝረት ላሜራው ኮረንቲ እንደያዘ ነው የምትነግራችሁ። የሚነዝር ምጣድ እስኪሰራ ድረስ ይነቀል፣ እንጀራ ከጎረቤት ይገዛል።

ቦይለርና የውሃ ማፍያ ላይ ያለው ሬዚስታንስ ደግሞ በቱቦ ውስጥ ነው ያለው፣ በሽቦውና በቱቦው መካከል የታመቀ ነጭ ዱቄት አለ። ያ ዱቄት እርጥበት ይወዳል። ውሃ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ቱቦው ላይ ሲከማች ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ቱቦው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ኮረንቲ ወደ መታጠቢያ ውሃችሁ ይሄዳል። ቦይለር ሲበራ ወይም ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩን ካስጣለ ሬዚስታንሱ ይለወጣል፣ አይጠገንም። እስኪለወጥ ማንም እንዳይታጠብበት። "አጥፍቼው ልታጠብ" አይሰራም፤ ቀደም ብዬ እንዳልኩት ማጥፊያው አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ሊሆን ይችላል።

ልብስ ማጠቢያ መቼ እንደሚጥል ራሱ ይናገራል። ውሃ ማሞቅ ሲጀምር ከጣለ ሬዚስታንሱ ነው። ሲጨምቅ ከጣለ ወይ የሞተሩ ካርቦን ዱቄት ተጠራቅሟል፣ ወይ የሆነ ቱቦ ሞተሩ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ነው። ገና ሲሰካ ከጣለ መግቢያው ላይ ያለውን ማጣሪያ ጠርጥሩ። ፍሪጅ ላይ ደግሞ ግራ የሚያጋባው በየጥቂት ሰዓቱ እየጠበቀ የሚጥለው ነው። ሌሊት ማንም ምንም ሳይነካ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ጠዋት ስጋው ሟሙቶ ይገኛል። ግድግዳው ላይ በረዶ የማይጋግረው ዓይነት (ኖ ፍሮስት) ፍሪጅ ከሆነ በየጊዜው በረዶውን የሚያሟሟ ትንሽ ሬዚስታንስ አለው፤ እሱ ተራው ደርሶ ሲበራ ነው የሚያስጥለው። ጠጋኞቹ ኮምፕሬሰር ነው ብለው ብዙ ብር ከማስወጣታቸው በፊት እሱን እንዲያዩት ንገሯቸው።

አሁን ወደ ኧርዝ ልምጣ፣ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አርሲዲ ያለ ኧርዝም ይሰራል፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ኧርዝ ካለ ዕቃው ገና ሲያፈስ፣ ማንም ሳይነካው ይቆርጣል። ኧርዝ ከሌለ የሚቆርጠው ሰው ሲነካው ነው፤ ያ ሰው ተነዝሮ ማለት ነው። ይሄን እያወቅን ስንት ቤት ውስጥ ነው ኧርዝ ያለው? ሶኬቱ ባለ ኧርዝ ይመስላል፣ ሲከፈት ግን ሦስተኛው ሽቦ የለም። ወይም አለ፣ ግን ከጓሮ ከተቀበረ ዘንግ ጋር አልተገናኘም። ወይም ዘንጉ አለ፣ መሬቱ ግን ደርቋል። የአዳማ አፈር አሸዋማና እሳተ ገሞራ የተወው ነው፣ በበጋ አቧራ ይሆናል፣ ደረቅ አፈር ደግሞ ኮረንቲ አይቀበልም። አጭር ዘንግ ላይ ላዩን ቀብሮ መሄድ እዚህ ከተማ ላይ አይሰራም፤ ጠለቅ ብሎ መቀበር አለበት፣ አንዱ ካልበቃ ሁለት፣ ዙሪያውም እርጥበት የሚይዝ ነገር ተደርጎ፣ ከዚያ ተለክቶ። ከድሮ የውሃ ቱቦ ጋር አስረው "ኧርዝ አለው" የሚሉም አሉ። ቱቦው መሀል ላይ በፕላስቲክ ተለውጦ ከሆነ ያ ኧርዝ መሬት አይደርስም፤ እናንተ ጋ የፈሰሰው ኮረንቲ በቀረው ብረት አድርጎ የጎረቤት ቧንቧ ላይ ይወጣል። ባለ ኧርዙን ሶኬት ወደ ሁለት እግር የሚቀይረው ርካሽ መሸጋገሪያም ኧርዙን እንዳለ ቆርጦ ይጥለዋል። ለስልክ ቻርጀር ይሁን፣ ለምጣድና ለማጠቢያ ግን በጭራሽ።

ከሁሉም የከፋው ግን ይሄ ነው። ኧርዝ በሌለበት ቤት ኧርዝ ያለ ለማስመሰል ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉንና የኧርዙን ጫፍ በአጭር ሽቦ ያገናኛሉ። ብሬከሩ አርሲዲ ሆኖ ያ ኧርዝ አንድ ቦታ ላይ መሬት ካገኘ ደጋግሞ ይጥላል፣ ያኔ "ብሬከሩ አይረባም" ተብሎ ይወጣል። አርሲዲ ከሌለ ሁሉም ነገር የሚሰራ ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን ከሶኬቱ በፊት የኒውትራሉ ሽቦ ይላላል ወይም ይበጠሳል። በዚያች ደቂቃ የፍሪጁ በር፣ የማጠቢያው ገላ፣ የምጣዱ ላሜራ፣ ሁሉም 220 ቮልት ይይዛል። ዕቃዎቹ አልተበላሹም፣ ማንም ምንም አልነካም። ሶኬት ከፍታችሁ እንዲህ የተገናኘ ሽቦ ካያችሁ ያንኑ ቀን አስወጡት፣ ያገናኘውን ሰውም ሁለተኛ ቤታችሁ አታስገቡት።

የግቢ ኪራይ ላይ የሚሆነውንም ልበል። አንድ ቆጣሪ፣ ብዙ ተከራይ፣ በር ላይ አንድ አርሲዲ። የአንዷ ምጣድ ሲያፈስ ግቢው ሁሉ ይጨልማል፣ "ማነው የሰካው?" ይባላል፣ ሰው ይኮራረፋል፣ አከራዩም ጭቅጭቅ ሲሰለቸው አርሲዲውን ያስወጣል። ጋሼ፣ እትዬ፣ ይሄን አታድርጉ። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን አርሲዲ አስገቡለት፤ ያፈሰሰው ክፍል ብቻ ይጠፋል፣ ጥፋተኛውን ዕቃ ለማግኘትም ቀላል ይሆናል። ስትገዙ ፊቱን አንብቡ፣ 0.03 አምፔር ወይም 30 ሚሊ አምፔር ይበል። 300 የሚል ካያችሁ ለእሳት መከላከያ የሚሆን ነው፣ ሰው አያድንም። አዲስ ኤሌክትሮኒክስ የበዛበት ማጠቢያ ላላችሁ ደግሞ ዓይነቱ ኤ የሚባለውን ጠይቁ፣ ኤሲ ከሚባለው ይሻላል።

ያቺን የቲ ቁልፍ በወር አንዴ ተጫኗት። መብራቱ እያለ ስትጫኑ ወዲያው መውረድ አለበት። ካልወረደ ያኔ በእርግጥ ብሬከሩ ተበላሽቷል፣ ለውጡት። ብሬከር ለመለወጥ በቂ ምክንያት የምለው ይሄን ነው፤ ደጋግሞ መጣሉን አይደለም። ቁልፏ የምትፈትሸው ግን ብሬከሩን ብቻ ነው፣ ኧርዛችሁ ደህና መሆኑን አትነግራችሁም።

ሰው ኮረንቲ ከያዘው በእጃችሁ አትጎትቱት፣ መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ማውረድ ካልቻላችሁ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ከዕቃው አላቁት። ተላቆ ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው።

ለአዘጋጆቹ አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣው ላይ ቦታ ከጠበባችሁ የፍሪጁንና የማጠቢያውን አውጡት፣ ኒውትራልና ኧርዝ ስለሚያገናኙት ሰዎች የጻፍኩትን ግን እንዳለ አትሙልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ፣ ከአዳማ